የአዋላጇ እጅ

ቲርዛ ሆልት ከመንደራችን ልጆች ግማሹን ያዋለደች ሴት ነበረች። የመንደሩ ልጃገረዶች ተመተተብን እያሉ መንፈራገጥ በጀመሩበት ዓመት እሷም በጥንቆላ ተከሰሰች።

እኛ የማሳቹሴትስ ሰዎች፣ ጠንቋይ የመተተችባትን ልጅ በእጇ ከነካቻት መተቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ልጅቷም ትረጋለች ብለን እናምን ነበር። ዳኞቹ የቲርዛን እጅ ከልጃገረዶቹ አንዷ በሆነችው፣ በምትጮኸው ሊዲያ ላይ አሳረፉት። ሊዲያ ጸጥ አለች። ከአራስነቷ ጀምሮ ስታለቅስ የሚያባብላት ይኸው እጅ ነበር።

«እማ፣ ግትርነቱን ተይና አዎ በዪ። ያመነ አይሰቀልም» አላት ትልቁ ልጇ።

«ካመንኩማ ግብረ አበሮችሽን ጥሪ ይሉኛል።»

«ያየሽውን ሰው ጥሪያ!»

ቀና ብላ የችሎቱን አዳራሽ ቃኘች። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔ፣ የእጅ መንካቱ ፈተና ከንቱ መሆኑን እያወቅሁ፣ እንዳታየኝ አቀረቀርኩ።

«የምጠራው ሰው የለኝም» አለች።

እፎይ አልኩ። በሳምንቱ ሰቀሏት።