በእርቅ የተዘጋው መዝገብ

እኔን የሚያጠፋኝ ችኮላዬ ነው። ያ ልጅ ትዝ ባለኝ ቁጥር ራሴን እረግማለሁ።

ላሊበላ ፍርድ ቤት የተከሰሱ ልጆችን ጉዳይ እከታተል ነበር። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የእንጨት መስቀል ጠርቦ ለእንግዳ ሲሸጥ፣ በገዢ ሽሚያ ከሌላ ሻጭ ተጣልቶ ክንዱን በዱላ ሰብሮታል። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ለአንድ ፈረንጅ አሥር ሰው ነው የሚራኮተው፤ ምን ይደረግ።

በዚያው ሰሞን አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ ለእንዲህ ያሉ ልጆች የአናጢነት ሥልጠና ከፍዬ አስተምራለሁ፣ ሲጨርሱም መሣሪያ እሰጣለሁ ብሎ መጣ። የልጁን ስም ከሁሉ አስቀድሜ ጻፍኩ። ሆቴል ልብስ ስታጥብ ኖራ ሥራ የፈታችው እናቱ ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ በግድ ነው ያስነሣኋት።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! አላስችል አለኝ። የተጎጂው አባት ቂም ይዘው ልጁ ተረጋግቶ አይማርም ብዬ ሽማግሌ ላክሁ፣ የንስሐ አባታቸውንም ለመንኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጁ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተንበረከከ። አባትየው ብዙ ካስለመኑ በኋላ በእጃቸው አወረዱለት። እኔ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ሞኝ! ሰኞ አባትየው አቤቱታቸውን ተዉ፣ መዝገቡም ተዘጋ።

ረቡዕ የድርጅቱ ሰውዬ ዝርዝሩን ይዞ መጣና የልጁን ስም ሰረዘው። ሥልጠናው የተከፈተ መዝገብ ላላቸው ብቻ ነው፣ ይሄ ክስ የለበትም አለኝ። ታርቆ እኮ ነው ብል፣ ደብዳቤ ባጽፍ፣ ወልድያ ቢሯቸው ድረስ ብመላለስ ማን ሰምቶኝ። የሰው ክንድ ሰብሮ ሳይታረቅ የቀረ ሁሉ ሲመዘገብ፣ የኔው ይቅር የተባለው ቀረ። ያን ሽማግሌ ልልክ የወጣሁ ቀን እግሬን በሰበረው።

እናቱ ስነግራት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

በሳምንቱ ጠዋት ቢሮዬን ልከፍት ስመጣ ልጁ በሩ ላይ ተንበርክኳል። ጫንቃው ላይ ድንጋይ አለ።

«እትዬ፣ አባትየውን ይለምኑልኝ» አለኝ። «እንደገና ይክሰሱኝ።»

ድንጋዩን በሁለት እጄ አንሥቼ አወረድኩለት። እሱ ግን አልተነሣም።