እፍ ስትል የምትጠፋው ልጅ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ መልሱ ያስቸግረኛል። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። እዚህ ሰቆጣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሰው ራስ ላይ ትንንሽ ሽቦ እየለጠፍኩ አንጎሉ የሚያወጣውን ሞገድ በኮምፒውተር የምቀዳ ሴት ነኝ። ሰፈሬ ውስጥ «ራስ አንሺዋ» ይሉኛል። ፎቶ አይደለም እያልኩ ማስረዳቱን ከተውኩት ቆየሁ። አንዷ ጎረቤቴማ «እስቲ ባሌን አንሺልኝና ምን እንደሚያስብ ልወቅ» አለችኝ። ሐሳብ አይታይበትም ብላት፣ «ታዲያ ምን ይረባል!» ብላኝ ሄደች።

መሣሪያው ሲመጣ እኔ ካርድ ክፍል ነበርኩ። አጭር ሥልጠና ሰጡኝ፤ የቀረውን ከመሣሪያው ጋር ከመጣው መጽሐፍም ከስልኬም እየለቃቀምኩ፣ ይበልጡን ግን ከሚመጡት ሰዎች ተማርኩት። የእኔ ድርሻ ጥርት ያለ ቅጂ ማውጣት ነው። የሚያነበው ስፔሻሊስት ሌላ ከተማ ነው ያለው፤ ኔትወርክ በፈቀደ ቀን እልክለታለሁ፣ እሱ መልሱን ለእኛው ሐኪም ይልካል። ለታማሚው የሚናገረው ሐኪሙ ነው። እኔ ያየሁትን አይቼ ዝም ነው። እንደኔ ወሬ ለምትወድ ሴት ይሄ ቀላል ፈተና እንዳይመስላችሁ።

ከደሃና የመጣችው ልጅ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። እናትና አባቷ ይዘዋት መጡ። አባቷ የደብራቸው ቄስና የቆሎ ተማሪዎች መምህር ናቸው፤ የኔታ ነው የሚባሉት። ልጅቷ ቆማም ተቀምጣም ድንገት ትፈዛለች። ዓይኗ ተከፍቶ እሷ የለችም። ጥቂት ቆይታ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጨዋታዋን ትቀጥላለች። ሐኪሙ አስቀድሞ አይቷት ስለነበር እኔ ጋ ቀጠሮ አስይዟት ነበር።

ገና በሩን ሳታልፍ የቅቤው ሽታ ቀደማት። ሹሩባዋ እንደ አዲስ ስፌት የተደረደረ፣ ለጋ ቅቤ ከግንባሯ እስከ ጆሮ ግንዷ የሚወርድ።

«ማን ነው እንዲህ ያሳመራት?» አልኩ።

«ጎረቤቶቼ ናቸው» አለች እናትየዋ ኮራ ብላ። «ከተማ ራሷን ሊያዩላት ነው ስላቸው፣ እንዲሁ ትሂድ እንዴ? አሉ። ላም ያላት ሁሉ ከጓዳዋ ጠብታ ጠብታ አመጣች። የደሃና ሰው ልጁን አይቀባም እንዳትሉን ብለው ነው።»

ከብቱ በድርቅ በተጎዳበት ዓመት ከየጓዳው ተለቃቅሞ የመጣ ቅቤ! በቅቤ ላይ ደግሞ ሽቦ አይያዝም። ቢይዝም የሚቀዳው የአንጎል ሞገድ ሳይሆን የሽቦው መንሸራተት ነው። ሹሩባው መፈታት፣ ራሷም መታጠብ ነበረበት።

ስነግራት እናትየዋ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። «ይታጠብ? እነሱን ምን ልበላቸው?»

«ባትቀቧት ኖሮ ራስ አንሺዋ እንዲህ ቁጭ ብላ ባላጫወተችን ነበር በያቸው» አልኳት። ሳትወድ ሳቀች።

ሆስፒታሉ ጓሮ በርጩማ አወጣንና ለሁለት ሹሩባዋን መፍታት ያዝን። ልጅቷ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ለእናቷ አንድ ነገር ሹክ አለች፤ እናት አፏን በነጠላዋ ያዘች። እንዳልሰማ ሆኜ ምን አለች ብላት፣ «ይህች ሴትዮ ከጠጉሬ ቅቤውን ወስዳ ለራሷ ልትቀባው ነው እንዴ? ነው የምትለው» አለችኝ። እኔም ኽምጥኛ እሰማለሁና በዚያው ቋንቋ «ከተረፈ» ብላት፣ እጄ ላይ እየተንከተከተች ወደቀች። ከዚያ በኋላ እጄን አልፈራችውም። ጀሪካን ውኃ አሙቀን በሳሙና አንዴ፣ ደግመንም አጠብናት።

ሴት ጠጉር ስትፈታ ወሬም ይፈታል። እናትየዋ እዚያ በርጩማው አጠገብ ነው ሁሉንም ያወራችኝ። ልጅቷ ይበልጡን የምትፈዘው እሳት እፍ ስትል ነው። እርጥብ እንጨት ሲያስቸግራት ደጋግማ እፍ፣ እፍ ትላለች፤ ከዚያ ትጠፋለች። ባለፈው እጇ ፍም ላይ አርፎ ነበር፤ ጠባሳውን አሳየችኝ። ሀገሬው የምድጃ መንፈስ ነው አለ። የኔታም ልጃቸውን «ሁለተኛ እፍ እንዳትይ» ብለው ገዘቷት።

«አሁን ደግሞ ይሄ መኪና ምንም ካላገኘ» አለች መሣሪያውን ማለቷ ነው፣ «አባቷ እህታቸው ጋ ሊወስዷት ነው። መነኩሲት ናት፣ ጸበሉ ጋ ነው የምትኖረው፣ ሩቅ ነው። ምድጃ የሌለበት ትደግ ብለዋል። ክፋት የላቸውም፣ ፈርተው ነው። እኔ ግን ያለችኝ ሴት ልጅ እሷ ናት።» ማበጠሪያውን እጇ ላይ አገላበጠችው።

ያን ስሰማ ልቤ ሁለት ሆነ። በአንድ በኩል ደስ አለኝ፤ ልጆችን እፍ እያስባልን እንዲህ ያለውን መፍዘዝ መጥራት የሥራችን ወግ ነውና። በሌላ በኩል ፈራሁ። እየቀዳሁ ካልመጣ ቅጂው ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ልጅቷም መሄዷ ነው።

አልጋው ላይ አስተኝቻት ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለጠፍኩ። መብራት እንደ ልማዱ ሄዶ ነበር፤ ኮምፒውተሩ በባትሪ ነው የሚሠራው። ዓይንሽን ክፈቺ፣ ጨፍኚ አልኳት። መስመሮቹ በሰላም ይፈሳሉ። ቀጭን ወረቀት ክር ላይ አንጠልጥዬ አፏ ፊት ያዝኩላት።

«በይ የኔ እናት፣ ወረቀቱ እንዲጨፍር እፍ እፍ በይ። ሳታቋርጪ።»

ከንፈሯን ገጠመች።

«እፍ በይ እንጂ።»

«አልልም። አባዬ ገዝቶኛል።»

እናት ለመነች፣ እኔ ለመንኩ፣ ከረሜላ ቃል ገባሁ። ወይ ፍንክች! የባትሪው ምልክት ደግሞ እየቀላ ነው። በመጨረሻ ወጥቼ ደጅ ላይ ዳዊታቸውን የሚደግሙትን የኔታን ጠራኋቸው።

«የኔታ፣ ግዝትዎን ይፍቱልን።»

ዳዊቱን አጠፉ። «ጠርታችሁ ልታመጡባት ነው?»

«አዎ፣ እዚሁ እያለን ይምጣባት። እሳት የለም፣ የምትወድቅበት የለም። መጥቶ ካላየነው ግን ሐኪሙም ምን እንደሆነ አያውቅም።»

ወደ ውስጥ ሲያዩ ልጃቸው ያ ሁሉ ሽቦ በራሷ ላይ ተተክሎ፣ እናቷ እግሯን ይዛ። ያሰቡትን አላውቅም። ገብተው አልጋው ጎን በርከክ አሉና መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ፣ ሽቦ በሌለበት፣ አሳረፉ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። እፍ በይ ልጄ።»

«አንተም በል» አለቻቸው።

የኔታም እፍ አሉ! ያ ሁሉ የቆሎ ተማሪ የሚንቀጠቀጥላቸው ሰውዬ፣ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ጥምጥማቸው እየተንሸራተተ፣ ከልጃቸው ጋር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ያስጨፍራሉ። እናትየዋ «ኧረ የኔታ፣ አይደክምዎ!» ብትል፣ «ዝም በይ፣ ልትበልጠኝ ነው» አሉ በትንፋሽ መሐል።

ከዚያ ልጅቷ እፍ ማለቷን አቆመች። ወረቀቱ ቀጥ አለ። ዓይኗ ተከፍቶ ሄደች።

ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሡ። በአንድ ላይ ወጡ፣ በአንድ ላይ ወረዱ፣ ማኅሌት ላይ ረድፍ ይዘው እንደሚያሸበሽቡ ካህናት። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፉ ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። በዚያ ሰዓት መስማት አለመስማቷን ለመለየት፣ እንደ ሥራችን ደንብ ጮክ ብዬ «ፍየል» አልኳት፤ አልሰማችኝም። እናትየዋ ስክሪኑን አይታ የልጇን ፊት አየች፤ ዕንባዋ መጣ። «ተመስገን» አለች። ስንት ጊዜ እንዳይመጣ የጸለየችበትን ነገር፣ መጣ ብላ አመሰገነች። መስመሮቹ እንደተነሡ ሁሉ በአንዴ አረፉ፤ ልጅቷም ወረቀቷን እፍ ማለት ቀጠለች።

«ምን አልኩሽ አሁን?» አልኳት።

«እፍ በይ ነዋ» አለች፣ ሁላችንንም በግርምት እያየች። «ምን ሆናችኋል? አባዬ እፍ ማለቱን ለምን ተወ?»

የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ያየሽውን ንገሪን።»

ምላሴን ነከስኩ። «ሐኪሙ ነው የሚነግርዎ የኔታ። በጥሩ ሁኔታ ተቀድቷል፤ እኔ ይሄን ብቻ ነው የምለው።» ፊቴን ግን ማን ይደብቅልኝ! እናትየዋ ፊቴን ሳታነብ የቀረች አይመስለኝም።

ሰቆጣ ዘመድ ቤት አርፈው መልሱን ጠበቁ። ሐኪሙ ሲጠራቸው እኔም አብሬ ገባሁ። የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት እንደሆነ፣ ብዙ ልጆች በመድኃኒት እንደሚሻላቸው፣ እስኪሻላት ከእሳትና ከገደል እንድትጠበቅ ነገራቸው። የኔታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ከጸበል ጋር ይጣላል?»

«አይጣላም። ጸበሉንም ይቀጥሉ። መድኃኒቱ ግን አንድም ቀን እንዳይቋረጥ፤ በጾምም ቢሆን።»

«እንግዲያው ከቤቷ ሆና ትውሰደው» አሉ። «ቅዳሴ ቀን እኔው ራሴ እሰጣታለሁ።» እናትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ከክረምት በኋላ ለክትትል ሲመጡ ለእኔም ማር ይዘውልኝ መጡ። እናትየዋ ገና ሳትቀመጥ እሮሮ ጀመረች።

«እህቴ፣ አለቀልኝ እኮ! ድሮ ስቆጣት ግማሹን አትሰማውም ነበር። አሁን አንድ ቃል አያመልጣትም፤ ለእያንዳንዱ መልስ አላት። ትምህርት ቤትም አስተማሪው ለፍላፊ ናት አለኝ። የኔታማ ፊደል ሲያስቆጥሯት በክርክር ደከሙ።»

«መድኃኒቱን እናስቀንስልሽ?» አልኳት ለቀልድ።

«ወዲያ! ትለፍልፍ» አለችና ልጅቷን አቀፈቻት። ልጅቷ ግን ከእቅፏ ሾልካ ወጥታ፣ እንደ እኔ ያለ ሥራ ለመያዝ ስንተኛ ክፍል መድረስ እንዳለባት ትጠይቀኝ ጀመር።