ሰርካለምና ሁለቱ ስክሪኖች

የመንዝ ሰው «እንቢ» ካለ ጥማድ በሬም አይጎትተውም እያልን እኛ መርሐቤቴዎች እንቀልዳለን። ዶክተር ሰርካለምን ካወቅኋት ወዲህ ግን ቀልዱን ትቼዋለሁ፤ እውነት ሆኖ አገኘሁታ። እኔ ጌታነሽ፣ ዓለም ከተማ ውስጥ ነርስ ነኝ። እሷ የመንዝ፣ የዘመሮ ልጅ ናት፤ ጠቅላላ ሐኪም ሆና አብረን ነው የምንሠራው። ቀዶ ሐኪም ከመሆን በቀር ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ልጅ ሳለች አውድማ ላይ የገብስ ገለባ ግራ ዓይኗን ወጋት። ዓይኑ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል እንጂ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም። እናቷ ወይዘሮ ኮከቤ «ሰው እንዳያውቅብሽ» እያሉ ግራ ጎኗን ወደ ግድግዳ አድርገው ያስቀምጧት ነበር። ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ መስፋት ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ሁለት የሱፍ ጨርቅ ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጠም፣ መርፌው ይቅረብ ይራቅ በአንድ ዓይን አይለይም። ስለዚህ መጀመሪያ በመርፌው ጫፍ ጠርዙን ትነካለች፣ ጥላውን ታያለች፣ ከዚያ ትወጋለች። እንዲያ እየሰፋች አደገች።

በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሆስፒታላችን አሰልጣኞች መጡ። ሆድ በሰፊው ሳይቀደድ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና ረጃጅም መቆንጠጫ አስገብቶ የሚሠራውን ቀዶ ጥገና ሊያለማምዱ ነው። ከየወረዳው የተጠሩ ወጣት ሐኪሞች አዳራሹን ሞሉት። ጥሩ የሠራ ለቀዶ ሕክምና ትምህርት ይደገፋል ተባለ።

ልምምዱ ዝግ ሣጥን ውስጥ ክር በትንንሽ ቀለበቶች ማሾለክ ነው። መቆንጠጫው ሣጥኑ ውስጥ፣ ዓይን ስክሪኑ ላይ። ስክሪኑ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ እንደ ቤት ቴሌቪዥን ጠፍጣፋ፣ ሌላው በመነጽር ሲያዩት ቅርቡን ከሩቁ የሚለይ። መነጽሩን ያደረገ ሁሉ ተገረመ። እጃቸውም ፈጠነ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሰርካለም ተራዋ ደርሶ አየችና «ለእኔ ለውጥ የለውም» አለች።

ዋናው አሰልጣኝ ዶክተር መልከ ጼዴቅ ዓይኖቿን በየተራ አስሸፍነው መረመሯት። ከዚያ በሰው ፊት፣ «እህቴ፣ በአንድ ዓይን ጥልቀት አይታይም። ቀዶ ሕክምናን ተዪው፤ ሌላ ብዙ ሙያ አለ» አሏት።

እኔ ዕቃ እያቀበልኩ እዚያው ነበርኩና ተናደድኩ። እሷ መነጽሩን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩት በየትኛው ስክሪን ነው?»

«በእኛ ጊዜ ጠፍጣፋው ብቻ ነበር።»

«ጠፍጣፋውን በሁለት ዓይንም ቢያዩት ጥልቀት የለውም። እንግዲያው እርስዎም እንደኔው ነው የተማሩት። በእሱ ይፈትኑኝ።»

ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን ፈቀዱ። ሁሉም በጠፍጣፋው ተፈተነ። መነጽሩን የለመዱት ቀለበቱን አልፈው አየር ይቆነጥጡ ጀመር። ሰርካለም ጠርዙን ነካች፣ ጥላውን አየች፣ አሾለከች። ከሁሉም ቀድማ አልጨረሰችም፤ ሁለት ጎበዞች በለጧት። ክሩን ግን አንዴም አልጣለችም።

ዶክተር መልከ ጼዴቅ ወደ በሩ ጠሯት፤ እኔም ተከተልኩ። «ጥሩ እጅ አለሽ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የዓይንሽን ነገር አላነሳም። በእኛ መካከል ይቅር።»

እሺ በይ ብዬ በክርኔ ጎነጥኳት።

«አይሆንም» አለች። «ተደብቄ ከገባሁ በታወቀ ቀን አታላይ እባላለሁ። አንድ ዓይን ብቻ እንዳለኝ ይናገሩ። እጄንም እንዳዩት ይናገሩ። ከዚያ የሚከለክለኝ ካለ ፊት ለፊት ይከልክለኝ።»

ለእሷ ፈራሁላት፤ በጁ የገባውን የሚበትን ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ዶክተሩ ወደ አዳራሹ ተመለሱ። መጀመሪያ ዓይኗን፣ ቀጥለው እጇን ተናገሩ። ከዚያ የሚደግፏቸውን በስም ሲጠሩ የሰርካለምም ስም ተጠራ። ተነሥታ ቆመች። በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ የማያየው ዓይኗ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አፈጠጠባት። እሷም ቀና ብላ፣ ግራ ጎኗን ወደ እነሱ አዙራ አሳየቻቸው።