የዶን ቴሌስፎሮ ትከሻ

ዶን ቴሌስፎሮ ካይሴዶን ለማያውቅ ሰው የፖፓያንን ከተማ የሠራት እሱ ይመስለዋል። ነጭ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ ከቦጎታ የመጡ እንግዶችን ሊያስጎበኝ ከኋላው እያስከተለ ሲያልፍ የሰዓቱን ግንብ ጡብ በጡብ የካበው እሱ ነው ያሰኛል። ይላልም እኮ! አንዷን ምስኪን ሴትዮ ሰዓቱ የሚቆመው እሱ ሲታመም እንደሆነ ነግሯት አምናው ሄዳለች። የትልቁን ድልድይ ቅስቶች ቁጥር እንደ ስሜቱ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ምድር የተንቀጠቀጠችበት የጸሎተ ሐሙስ ጠዋትማ፣ በእሱ አፍ ከሆነ፣ የካቴድራሉን በር በጀርባው ደግፎ ምእመናኑን ያስወጣው እሱ ነው። ያን ጠዋት ከአልጋ ሥር እግሩን ይዛ ጎትታ ያወጣችው ሚስቱ ዶኛ ኦብዱሊያ ናት። ግን እሷን ማን ጠይቋት!

የጉብኝቱ መዝጊያ ሁልጊዜ አንድ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ታይተው ሲያልቁ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታና ቀኝ ትከሻውን ያወጣል።

"እስካሁን ያያችሁት ድንጋይ ነው" ይላል። "ቅርስ ማለት ይሄ ነው! ንኩት፣ አይዟችሁ፣ አይናከስም።"

ይነኩታል። ስብ ነክተው ቅርስ ነካን ብለው ይሄዳሉ።

በኛ ከተማ በሰሙነ ሕማማት የቅዱሳንን ሐውልቶች በከባድ ቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ለመንገድ የሚያዞሩ ወንዶች አሉ። በቃሬዛው እንጨት ሥር ያለው ቦታ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። ዓመት በዓመት እንጨቱ ትከሻቸው ላይ ጉብታ ያወጣል፤ ወንዱም ከሚስቱ ቀጥሎ የሚኮራበት በዚያ ጉብታ ነው፣ አንዳንዱማ ከሚስቱም አስቀድሞ። ሸክሙ የከበደው ሰው "ተኩኝ" ቢል የሚከለክለው የለም። ካለ ግን ጫጩት ነው። እስኪሞት ጫጩት ነው፤ ከሞተም በኋላ ልጆቹ የጫጩቱ ልጆች ናቸው። ደግሞም በእንጨቱ ሥር የሆነው ነገር ውጭ አይወራም። ማንም ማንንም ቢያጭበረብር አፍን ዘግቶ መሸከም ነው።

ከዶን ቴሌስፎሮ ጎን ያለውን እንጨት የሚሸከመው የኦብዱሊያ ታናሽ ወንድም ሊሳንድሮ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያመሰግነው እንኳ የሚደነግጥ ዓይነት። የሕማማቱ ሰኞ ጠዋት ዳቦ ይዞላት መጣ። ቅርጫቱን የያዘው በግራ እጁ ነበር።

"ቀኝህ ምን ሆነ?" አለችው።

"ምን ይሆናል? ደህና ነው።"

"ሸሚዝህን አውልቅ።"

"ኧረ እታለም፣ ጎረቤት ያየኛል።"

"ጎረቤቱ ራቁትህን ስትሮጥ አይደል ያሳደገህ! አውልቅ አልኩህ!"

አወለቀ። ጉብታው ጠጥሮ አንገቱ ሥር ደርሷል፤ ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሳት አይችልም። ካምና ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ በግድ ነው ያወጣጣችው።

"ይሄ የአንድ ሰው ሸክም አይደለም" አለች።

"እኔ ከአፌ ምንም አልወጣኝም።"

"አልወጣህም። እኔ ነኝ ያልኩት።"

እሷ በየዓመቱ ከሰልፉ በኋላ በአረቄ የምታሸውን የባሏን ትከሻ ታውቀዋለች። ድሮ ጉልጥምት ነበር። አሁን ለስልሶ ሊጥ ሆኗል። ተሸካሚዎች ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ካጠረ እንጨቱ አይነካውም፣ ድርሻው ሁሉ ጎኑ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል። 'ሰውዬው አርጅቶ አጥሯል' ብላ አሰበች። ወንድሟ ዘንድሮም የሁለት ሰው ከተሸከመ መሐል መንገድ ላይ እጅ ይሰጣል፣ ዕድሜ ልኩን ጫጩት ይባላል። ይሄ አንጀቷን በላው።

ምሳ ላይ ፊት ለፊት ነገረችው።

"ቴሌስፎሮ፣ አጥረሃል።"

"ማን? እኔ?"

"እርጅና ነው፣ አያሳፍርም። ቦታህን ለሌላ ሰው ልቀቅ።"

ማንኪያውን ወረወረ። "አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ዘንድሮ የወርቅ ባላ የምሸለምበት ዓመት መሆኑን ረሳሽው?"

ባላው ቃሬዛው ሲያርፍ የሚደገፍበት እንጨት ነው፤ ከወርቅ የተሠራች ትንሽዬዋ ደግሞ ብዙ ዘመን ለተሸከመ ሰው ደረቱ ላይ ትሰካለታለች።

"ወንድሜስ?"

"ወንድምሽ ጎልማሳ ነው። ትንሽ ቢከብደው ለነፍሱ ይጠቅመዋል።"

ለነፍሱ! ኦብዱሊያ ሳህኑን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። የገመድ ሶል ያለውን የሰልፍ ጫማውን አወጣችና ሌላ ሶል ደርባ ሰፋችበት። በሰልፉ የሚለብሰውን ሐምራዊ ቀሚስ የሰፋችው ራሷ ናት፤ ጠርዙ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንዲያርፍ ለክታ ነው የቀመቀመችው። አሁን በወፍራሙ ሶል ሰውዬው ከነቀሚሱ ከፍ ይላል፣ እንጨቱም ትከሻውን ያገኘዋል። 'እስቲ ቅመሰው' አለች በልቧ።

ማክሰኞ ማታ ሰልፉ ወጣ። ኦብዱሊያ ሻማ ይዛ መንገዱ ዳር ቆመች። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ከባላዎቹ ላይ ሲያነሱ የባሏ ዓይን ሊወጣ ምንም አልቀረው። ስንት ዘመን ያልነካው እንጨት ተቀመጠበታ! ሊሳንድሮ በቀለለው ጊዜ ደንግጦ ወደ ጎን ገልመጥ አለና በረጅሙ ተነፈሰ። ኦብዱሊያ ሳቋን በሻሿ አፈነች።

ሳቁ ብዙ አልቆየላትም። ጥቂት ቤቶች እንዳለፉ የቴሌስፎሮ ፊት ተመለሰ፤ ቅዱስ ቅዱስ ሸተተ፣ ለሚያውቃቸው ሰዎች አንገቱን ዝቅ እያደረገ ሰላምታ መስጠት ጀመረ። የሊሳንድሮ ፊት ግን አመድ መሰለ። ምን ተፈጠረ ብላ ወደ ታች አየች። ከፍ ማለት የነበረበት የቀሚስ ጠርዝ የመንገዱን ድንጋይ ይጠርጋል።

ለካ ሰውዬው አላጠረም! ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚሄደው! ይሄን ሁሉ ዓመት፣ በረጅሙ ቀሚስ ውስጥ፣ አስቦበት!

"አንተ ሌባ" አለች፣ ድምጿን ግን ዋጠችው። ብትጮህ ሰልፉ ይቆማል፣ ሊሳንድሮም በእህቱ ጩኸት የተረፈ ሰው ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ከጫጩትም ይብሳል። እንባዋ እየወረደ ከጎናቸው ሄደች። ጠርዙ የቀለጠውን ሰምና የመንገዱን ጥቀርሻ እያበሰ ይጠቁራል።

የሳን ፍራንሲስኮ ቤተ ክርስቲያን ማዕዘን ላይ ሊሳንድሮ ቆመ። ጉልበቱ ሳይሆን ትከሻው ነበር እምቢ ያለው።

"ተኩኝ" አለ።

አንድ ረጅም ጎረምሳ ሮጦ ገባለት። "ጫጩት!" አለ አንዱ ከሰገነት ላይ፣ ሌላው ተቀበለው። ሊሳንድሮ ክንዱን በክንዱ አቅፎ ግድግዳ ለግድግዳ ሄደ። ቴሌስፎሮ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሰልፉን ጨረሰ፤ የወርቅ ባላውንም ደረቱ ላይ ሰኩለት።

ቤት ሲገባ ቀሚሱን ወንበር ላይ ጣለው። "እጠቢልኝ። አይ ወንድምሽ! አሳፈረን እኮ።"

"እሺ፣ ጠዋት አወጣዋለሁ" አለች።

አወጣችው። ለበዓሉ ከተማው በሙሉ እንደ አዲስ ኖራ ተቀብቷል፤ ግድግዳው ከወተት ይነጣል። ኦብዱሊያ ያልታጠበውን ሐምራዊ ቀሚስ ከሰገነቷ ላይ ሰቀለችው፣ የጠቆረው ጠርዝ አላፊ አግዳሚው ዓይን ላይ እንዲውል አድርጋ። በዚህ ከተማ የባሏን ቀሚስ ለክታ ያልቀመቀመች ሴት የለችም። አንዷ ቆማ አየች፣ ሌላዋን ጠራች። ማንም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ዶን ቴሌስፎሮ ወርቁን ሰክቶ፣ አዲስ እንግዶች እየመራ ብቅ አለ።

"የሚስቴ ወንድም፣ ምስኪን፣ መሐል መንገድ ላይ ቀለጠ! ይሄ ነገር የዘር ነው" እያለ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ላይ ተጣራ። "ዶን ቴሌስፎሮ! ቀሚስዎ ነው ያደገው ወይስ እርስዎ ነዎት ያጠሩት?"

መንገዱ በሳቅ ፈነዳ። ከእንግዶቹ አንዷ ወደ ላይ ጠቆመች።

"ይሄስ ምንድን ነው? ይሄም ቅርስ ነው?"

ኦብዱሊያ ሰገነቱን ተደግፋ ቁልቁል አየችው። "ንገራቸው እንጂ፣ አንተ! መቼም የማታውቀው የለም።"

ለሰዓቱ፣ ለድልድዩ፣ ለምድር መንቀጥቀጡ መልስ የማያጣው ሰው ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፋ። ከዚያ "በዚህ በኩል እንሂድ" ብሎ እንግዶቹን በሌላ መንገድ መለሳቸው።

ኦብዱሊያ ከሰዓት ወንድሟ ቤት ሄዳ ሊጥ ስታቦካ ዋለች። ባለፈው ማታ ጫጩት ብሎ የጮኸው ሰው ዳቦ ሊገዛ መጣ። ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ አኖረና መሬት መሬት እያየ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶን ሊሳንድሮ" አለ። ሊሳንድሮ እንደ ልማዱ ደነገጠ።

ቀሚሱ እስከ ትንሣኤ አልወረደም። ዶን ቴሌስፎሮ በፊት ለፊቱ በር መግባት ትቷል፤ በጓሮ ነው የሚገባው። የጓሮው በር ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚያልፈው።