ከእረፍት በፊት ያለው ፍልስፍና

ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ነፋስ ነበር። ዝናብ ያላስከተለ፣ ቅጠልና ላስቲክ እያንከባለለ በር የሚደበድብ ደረቅ ነፋስ። እንዲህ ያለ ቀን የጽዳት ሠራተኛ ጠላት ነው፤ ጠርገሽ ቀና ስትዪ የጠረግሽው ተመልሶ ይጠብቅሻል። የኮሌጁ ሁለት ጽዳቶች መጥረጊያቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቆመው ሳለ የአስተዳደሩ ጸሐፊ መጥታ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ነፋሱ አላስይዝ ቢላት አራቱንም ጥግ በፕላስተር አጣበቀችው።

"አንብቢልኝ እስቲ" አለች ትልቋ።

ታናሿ ከስድስተኛ ክፍል ብትወጣም ንባቡ አልጠፋባትም። "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለሕንፃው አንዲት ጽዳት ትበቃለች ይላል።"

"የትኛችን?"

"እሱን አይልም።"

"እንግዲያው ወረቀቱም እንደኛ የሚያውቀው የለም" አለችና ትልቋ መጥረግ ጀመረች።

ትልቋ የታናሿ ባል እህት ናት። እናታቸው ስትሞት ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ነች፤ ሲያገባም ሚስቱን እዚህ ኮሌጅ ያስቀጠረችው እሷው ነች። ቤተሰቡ እትዬ ይላታል። አላገባች፣ አልወለደች። ከኮሌጁ ጀርባ የተከራየቻት አንዲት ክፍል ነበረቻት፤ ቁልፏን በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትዞረው። ወንድሟ "ምን አለበት፣ ከኛ ጋር ኑሪ" ባለ ቁጥር መልሷ አንድ ነው፦ "የሰው ጓዳ ገብቼ እጅ ከማይ አፈር ልግባ።"

ታናሿን ጆሮ ብላ የሰየመቻት እትዬ ናት። ጆሮ በየጠዋቱ የምትወለውለው ኮሪደር ከትልቁ የመማሪያ አዳራሽ ፊት ለፊት ነው። እዚያ አንድ የፍልስፍና ዶክተር የሥነ ምግባር ትምህርት ያስተምራል፤ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ እስከ ዛሬው ጣጣ ድረስ። በሩ አይዘጋም፣ ማጠፊያው ከተበላሸ ብዙ ዘመኑ ነው። እረፍት ላይ ተማሪው ሲወጣ እሷ ባልዲዋን አንሥታ ላይኛው ፎቅ መገኘት አለባት፤ የሥራው ደንብ ነው። እንዲህ እያለች አሥራ አንድ ዓመት ፍልስፍና ተማረች፤ ሁልጊዜም እስከ እረፍት ድረስ ብቻ።

"ጆሮ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" ትላታለች እትዬ ምሳ ላይ።

"ያው የግሪኩ ሽማግሌ። መርዝ አጠጡት።"

"ምን አድርጎ?"

"እውነት ተናግሮ። ዝም ብትል እንለቅሃለን ቢሉት እምቢ አለ።"

"ሚስት ነበረችው?"

"ነበረችው። ልጆችም።"

"እንግዲያው መርዙን የጠጣችው እሷ ናታ።"

ከሁለት ዓመት ወዲህ የእትዬን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ደረጃውን የምትወርደው በቁጥር ነው፤ ወለሉ መጥራቱን የምታውቀው በእግሯ ነው። ጆሮ ከኋላዋ እየሄደች የቀረውን ጥግ ትወለውላለች፣ የመስኮቱን እድፍ ታነሣለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እትዬ ታውቃለች፣ ጆሮም እንደምታውቅ ታውቃለች፤ በዚህ ይኖሩ ነበር።

ማን ትቅር፣ ማን ትሂድ የሚለውን አስተዳደሩ ለዶክተሩ ሰጠው። ፍትሕ የሚያስተምር ሰው ነው፣ ራሱ ይፍረድ አሉ። ሴቶቹ ደስ አላቸው። በሕንፃው ውስጥ ጽዳቶችን "እርስዎ" የሚል እሱ ብቻ ነበር።

ለየብቻ በሚጠሩበት ቀን ጠዋት እትዬ ባልዲ እየሞላች፣ ቀና ሳትል፣ "ስለ ዓይኔ ቢጠይቅሽ አላውቅም በይ" አለቻት።

"እሺ እትዬ።"

"እሺማ ትያለሽ። እሺ ማለት መቼ አቅቶሽ ያውቃል።"

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

በዚያው ሳምንት ግን ዶክተሩ ስለ አንድ የጀርመን ሊቅ ሲያስተምር ነበር። ነፍሰ ገዳይ በርህ ላይ መጥቶ ወዳጅህ የት ነው ቢልህ እንኳ አትዋሽ፤ ለሚመጣው ነገር አትጠየቅም፣ የምትጠየቀው ለቃልህ ነው ይላል ሊቁ። ጆሮ መወልወያዋን ተደግፋ ሰማችው። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ነገር ሰምታ አታውቅም።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ስለ ልጆቿ ጠየቃት፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቃት። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና "ባልደረባዎ በሥራቸው ላይ ችግር አለባቸው?" አለ።

ጆሮ ቃሏን አሰበች። ሊቁን አሰበች። ደግሞም እውነቱን ቢያውቅ ያዝንላት ይሆናል፣ ሐኪም ዘንድ ይልካት ይሆናል አለች በሆዷ። ከዚህ ሁሉ ሥር ሌላ ነገርም ነበር፤ እሱን ግን ገልጣ አላየችውም።

"ዓይኗ አያይም" አለች።

"ምን ያህል?"

"ደረጃውን ቆጥራ ነው የምትወርደው። ከኋላዋ የቀረውን እኔ እወለውልላታለሁ።"

ጻፈ። ብዙ ጻፈ። "ይህን የሚናገር ሰው ብዙ አይደለም" አለ። "እንዴት ደፈሩ?"

ጆሮ ፊቷ ፈካ። "እርስዎ ሲያስተምሩ ሰምቼ ነው። ገዳዩ በር ላይ ቢቆምም አትዋሽ ያሉት።"

ዶክተሩ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። "እሱን እኮ ከእረፍት በኋላ አፈረስነው።"

"ምኑን?"

"የሊቁን ሐሳብ። ልማዴ ነው፤ መጀመሪያ አቆመዋለሁ፣ ከእረፍት መልስ አፈርሰዋለሁ። ወዳጁን ለገዳይ ጠቁሞ እጄ ንጹሕ ነው የሚል ሰው ንጽሕናውን በወዳጁ ደም ነው የገዛው። እኔም አላምንበትም።"

ጆሮ የተጻፈውን ወረቀት አየች። "እንግዲያው ይተዉት። አልሰማሁም ይበሉ።"

"አሁንማ ሰማሁ" አለ፣ ከልቡ አዝኖ። "ሰምቼ አልሰማሁም ብል እኔ ዋሸሁ ማለት ነው።"

ስትወጣ በሩ ላይ አስቆማት። "ይህን ነገር ለተማሪዎች ምሳሌ ባደርገው ቅር ይልዎታል? ስምዎን አላነሣም" አለ። ጆሮ እሺ አለች። ለእሺ የተፈጠረ አፍ ነው።

የስንብት ደብዳቤው ዓርብ ደረሰ። እትዬ በገዛ ክፍሏ በር ላይ ተቀምጣ ፖስታውን ለጆሮ ዘረጋችላት፤ ሌላ የሚያነብላት የላትም። ጆሮ ማንበብ ጀመረች። ላደረጉት አገልግሎት ይላል፤ ጤናዎን በማሰብ ይላል። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ደርሳ ቆመች።

"ምን አለ?"

"ምንም።"

"ወረቀት ስትገለብጪ አልሰማሁም። አንብቢ።"

መዝለል ትችል ነበር። ዓይን የሌላት ሴት ምን ታውቃለች? ግን አነበበችው። "የቤተሰብዎ አባል በሆኑት የሥራ ባልደረባዎ ቃል እንደተረጋገጠው፣ የማየት ችሎታዎ ለሥራው የማይበቃ ሆኖ ስለተገኘ..."

እትዬ እስከ መጨረሻው ሰማች። ደብዳቤውን ተቀብላ አራት ቦታ አጠፈችው። "የግሪኩ ሽማግሌሽ የመርዙን ጽዋ ራሱ ነው የጠጣው" አለች። "አንቺ ግን እኔን ጋትሽኝ።" ከዚያ ተነሥታ፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ገባችና በሩን ዘጋችው።

የጆሮ ባል አልሰደባትም፣ አልመታትም። በወሩ መጨረሻ የእህቱን አልጋ በትከሻው ተሸክሞ አመጣና ጓዳ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ ሰላምታው ለጓዳው ብቻ ሆነ።

ዶክተሩ ቃሉን ጠበቀ፤ ስም ሳይጠራ አስተማረው። ጆሮ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። "አንዲት የጽዳት ሠራተኛ" ሲል መወልወያዋ ቆመ። ተማሪዎቹ እጅ አወጡ። አንዷ ልጅ፣ ድምፅዋ ጥሩ፣ "ሴትየዋ ለእውነት ብላ አይደለም፣ እንጀራዋን ነው ያዳነችው" አለች። ሌላው "ያውም ዘመዷን ሸጣ!" ሲል አዳራሹ ሳቀ። ዶክተሩ በድምፅ እንዲወስኑ አደረገ። ልጅቷ ያለችውን በመቃወም የወጣው እጅ ስድስት ብቻ ነበር።

እረፍት ሆነ። ጆሮ ወደ ላይ አልወጣችም። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ባልዲዋን ከግድግዳው አስጠግታ ጠበቀች። ከእረፍት በኋላ ያፈርሰዋል፤ ልማዴ ነው ብሏል። ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ገቡ፣ ተቀመጡ። ዶክተሩ ሰሌዳውን አጠፋና የባቡር ሐዲድ ሣለ። በአንዱ ሐዲድ ላይ አምስት ሰዎች፣ በሌላው ላይ አንድ ሰው አሉ፤ እጀታውን የያዘው ምን ያድርግ? እስከ መጨረሻው ስለ ባቡሩ አወሩ። ስለ ጽዳቷ ያነሣ ሰው አልነበረም።

በመዘግየቷ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ወደ ላይኛው ፎቅ ስትወጣ ያንን፣ ገልጣ ያላየችውን ነገር ፈለገችው። ልጅቷ ያለችው ይሁን አይሁን ልትለይ አልቻለችም። ከዚያ በኋላ ትምህርት ሲጀመር ጆሮዋን በሻሽ መሸፈን ለመደች።

አሁን ሁለቱንም ፎቅ ብቻዋን ታጸዳለች። እትዬ ጨርሶ አታይም። ጠዋት ከሥራ በፊት ፊቷን የምታጥባት፣ ደጅ እጇን ይዛ የምታደርሳት ጆሮ ናት። እትዬ እጇን ትሰጣታለች፤ ሦስት ዓመት ሞላ፣ አንዲት ቃል ግን አልሰጠቻትም።