ክሩስኮት ላይ የበራችው ቀይ አምፖል

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ በበልግ ወራት ነው። ያኔ ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሠራሁላቸውን አለቆች ስም እንኳ በግድ ነው የማስታውሰው። ይህን ግን አልረሳሁትም። ባለቤቴ ራሷ ሙሉውን የሰማችው ከተጋባን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

መሥሪያ ቤታችን አንዲት አሮጌ አጭር ላንድሮቨር ነበረችው። ሾፌሯ ጋሽ በየነ የሚባሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ትልቅ ሰው ነበሩ። ለገበሬው ምርጥ ዘር የምታመላልስበት ተሳቢ ከአርባ ምንጭ ሲላክላት መብራት የሚባል ነገር አልነበረውም። ኃላፊያችን መብራት ሳይገባለት ከግቢ አይወጣም ስላሉ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከላንድሮቨሯ የኋላ መብራቶች ገመድ ቀጥዬ ሰባት ቀዳዳ ወዳለው ሶኬት አመጣሁ፤ በተሳቢው በኩል ደግሞ ሶኬቱ ላይ የሚሰካውን ስፒና አሰርኩ። ለግራና ለቀኝ ፍሬቻ፣ ለፍሬን መብራት፣ ለማታ መብራት፣ ከተሳቢው ብረት ጋር ለሚታሰረው ሽቦ፤ ይኸው አምስት ሆነ። ሁለት ቀዳዳ ተረፈኝ።

በቃ ብዬ መተው ነበረብኝ። እኔ ግን ያኔ ወጣት ነኝ፤ እጁ ወርቅ ነው መባል እወድ ነበር። የቀን ሠራተኞች ተሳቢው ላይ ከጆንያው ጋር ተጭነው ሲሄዱ ጆንያ ቢወድቅ እንኳ ጩኸታቸው ለሾፌሩ እንደማይሰማ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ በአንዱ ትርፍ ቀዳዳ ሌላ ገመድ አሳለፍኩና ከተሳቢው ጫፍ ላይ የቤት ደወል መጫኛ ቁልፍ ገጠምኩ። ከፊት፣ የፍጥነት መለኪያው ባለበት ክሩስኮት ላይ ደግሞ ትንሽ ቀይ አምፖል ሰካሁ። ከኋላ ቁልፉን ሲጫኑት ከፊት አምፖሏ ትበራለች፤ ሾፌሩም ይቆማል። ኃላፊያችን ሳይቀሩ ወጥተው አዩልኝ። ሙገሳውን አልጠላሁትም።

ሁለት ወር ያህል በደንብ ሠራች። በልጉ ሲገባ ግን አምፖሏ ማንም ሳይጫናት ብልጭ ማለት ጀመረች። ምክንያቱን ወዲያው አገኘሁት። ገመዱ በተሳቢው ብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ልባሱ ተፍቋል። መኪናዋ ስትነጥር እርቃኑን የቀረው ሽቦ ብረቱን ይነካል፣ አምፖሏም ትበራለች። ትክክለኛው ጥገና አዲስ ገመድ በጎማ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ መሥራት ነው። እኔ በናስትሮ፣ በሽቦ ማሸጊያው ፕላስተር፣ ጠቀለልኩት። ናስትሮው ሲበላ ደግሜ ጠቀለልኩት። በሦስተኛው ጋሽ በየነ “ያንተ ጋኔን ዛሬም እየተጣራ ነው” ብለው ሲስቁ አብሬ ሳቅኩና ነገ እሠራዋለሁ አልኳቸው። ነገም ሌላ ነገ ወለደች።

ያን ቀን ዘር ጭነን ቀይ አፈር ሄድን። እኔ የሄድኩት የመኪናዋ ሞተር ማስነሻ፣ ሞተሪኖው፣ አልነሳም እያለ ስላስቸገረ ነበር። አራግፈን ልንመለስ ስንል የጤና ጣቢያው ድሬሰር እየሮጠ መጣ። ድሬሰር ያኔ የጤና ረዳቱን የምንጠራበት ስም ነው። አንዲት አስቴር የምትባል ሴት ጎህ ሲቀድ ወልዳ ብዙ ደም ፈሷታል። መርፌ ወግቷት ለጊዜው ቆሞላታል፤ ግን ጂንካ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። በዕለቱ ከእኛ በቀር መኪና የለም።

ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወራት ሆኖታል። አብረዋት የነበሩት እናቷ ናቸው፤ ከጂንካ ወጣ ብላ ካለች የአሪ መንደር ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት።

ቃሬዛውን ላንድሮቨሯ ውስጥ ብንሞክረው አልገባ አለ። ስለዚህ ተሳቢው ላይ ሣር ጎዝጉዘን፣ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት። ካፊያ ስለነበር ሸራ ወጠርንላት። እናትየው አራስ ሕፃኗን ታቅፈው ከራስጌዋ ተቀመጡ። ድሬሰሩ እኔም ከኋላ እሆናለሁ አለ። አስቴር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እናትየውም አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ሁኔታ ላይ ወንድ አጠገቧ እንዲቀመጥ እንዳልፈለጉ ገባን።

አፌን የከፈትኩት እዚህ ላይ ነው። ቁልፉን አሳየኋቸው።

“እማማ፣ ደሙ ከጀመራት ይህችን ይጫኗት። ከፊት ይበራልናል። ወዲያው ቆመን እንመጣለን።”

ሁሉም እያዩ አስሞከርኳቸው። ሲጫኑ አምፖሏ በራች፤ ሲለቁ ጠፋች። ድሬሰሩ አመነኝ። ደም የሚያቆመው መርፌ አንድ ብቻ እንደቀረው፣ እሱም ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ነገረንና ከፊት ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ።

መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ያኔማ የባሰ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ጉድጓድ ላይ ስንነጥር አምፖሏ ብልጭ አለች። ጋሽ በየነ ቆሙ፤ ድሬሰሩ ሮጠ። ምንም የለም። እናትየው አልተጫንኩም አሉ። ሌላ ጉድጓድ፣ እንደገና ብልጭ። እንደገና ቆምን፤ አሁንም ምንም የለም። ድሬሰሩ ተናደደ። ሰማዩ በጂንካ በኩል ጠቁሯል፤ ከፊታችን ያለው ወንዝ ከሞላ እዚያው እናድራለን። እኔ በጣም አፈርኩ። በሙያዬ እየተዋረድኩ መሰለኝ። ከእንግዲህ ብልጭ ብትል አትቁሙ፣ ሽቦው ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ አልኩ።

ከዚያ ሜዳ ላይ ወጣን። መንገዱ ለጥ ያለ ነበር፤ መኪናዋም አልነጠረችም። አምፖሏ በራች። ብልጭ ብላ አልጠፋችም፤ በርታ ቆየች።

ድሬሰሩ “አሁንስ?” አለ።

ጋሽ በየነ እግራቸውን ከነዳጁ አንስተው አዩኝ።

“ሽቦው ብረቱ ላይ ተጣብቆ ነው። ይንዱ ጋሼ” አልኳቸው።

ነዱ። አምፖሏ ጠፋች። ደግማ በራች፤ ረጅም ጊዜ በርታ ቆየች። ጠፋች። ለሦስተኛ ጊዜ በራች። ከዚያ በኋላ አልበራችም። ለሌላ ሰው ልዩነቱ ላይታየው ይችላል። እኔ ግን ሙያዬ ነው። የተፋቀ ሽቦ በንዝረት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ለጥ ባለ መንገድ ላይ እንዲያ ረግቶ አይበራም። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ግን ሦስተኛ ጊዜ አስቁሜ ሦስተኛ ጊዜ ማፈር አልፈለግሁም። እውነቱ ይኸው ነው።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ውኃው ስለጨመረ ጋሽ በየነ ጥልቀቱን ሊያዩ ቆሙ። ድሬሰሩ ወደ ኋላ ሄደ። ጩኸት አልሰማሁም። ሲዘገይብኝ ወርጄ ሄድኩ። ሸራውን ገልጦ ቆሟል፤ ቦርሳው በእጁ ነው፣ አልከፈተውም። አስቴር ሞታለች። ፍራሹ በደም ርሷል። እናትየው በአንድ እጃቸው ሕፃኗን ይዘዋል፣ በሌላው የልጃቸውን እጅ። ሕፃኗ ተኝታለች።

እናትየው ቀና ብለው አዩኝ።

“ተጫንኩት” አሉ። “አልበራም?”

ከኋላዬ ጋሽ በየነ “አልበራም እማማ። ሽቦው ተበጥሷል” አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር። ስለ እኔ ብለው ነው የዋሹት። ድሬሰሩ አየኝና ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ። እኔ ዝም አልኩ።

ጂንካ ደርሰን አስከሬኑ ከወረደ በኋላ መኪናዋ ጋራዥ ገባች። ቀኑ ገና አልመሸም። ተሳቢው ሥር ተንበርክኬ ገመዱን በፒንሳ ቆረጥኩት። መርማሪ ቢመጣ ተበጥሶ እንዲያገኘው ነው። ማንም አልመጣም። በማግስቱ ቁልፉንም አምፖሏንም ነቃቅዬ ጣልኩ፤ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ብቻ ቀረ። ድሬሰሩ ከሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ብንቆምም ላትተርፍ ትችል ነበር አለኝ። ትተርፍስ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው መንገዱን ቀጠለ።

አንድ ዓመት ከምናምን ቻልኩት። እናትየው ሕፃኗን ወስደው መንደራቸው እያሳደጉ እንደሆነ ሰማሁ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፣ ሽቦ ተበጥሶ ነው እንጂ ይቆሙልን ነበር እያሉ እንደሚያወሩም ሰማሁ። ይህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በእግሬ ሄድኩ።

እንሰቱን እየፋቁ አገኘኋቸው። ሕፃኗ ቆማ መሄድ ጀምራለች። በርጩማ ሰጡኝ፤ ደጋግመው እግዜር ይስጥልኝ አሉኝ። ሕፃኗን ልጠይቅ የመጣሁ መስሏቸዋል። ቶሎ ካልተናገርኩ እንደማልናገር ስላወቅሁ እንዲህ አልኳቸው።

“እማማ፣ ያን ቀን አምፖሉ በርቷል። ሦስት ጊዜ በርቷል። እኔ ነኝ ሽቦው ነው፣ አትቁሙ ያልኩት።”

የገባቸው አልመሰለኝም፤ ደገምኩላቸው። መፋቂያውን አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። አሪኛ የሚናገሩ ይመስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

“ሦስተኛውን ስጫን እሷ እጄን ያዘች። ‘ተይው እማዬ፣ አይተውታል፣ አሁን ይቆማሉ’ አለችኝ። እሺ ብዬ ተውኩት። አልበራም ስትሉኝ፣ ልጄ የሌለ ነገር ስትጠብቅ ሞተች ብዬ አለቀስኩ።” ሕፃኗን ወደ ራሳቸው ሳቧት። “አይታችሁት ነበር።”

“አዎ” አልኩ።

አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ሕፃኗን አቅፈው ወደ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። እኔ ደጅ ላይ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ ወደ ጂንካ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም፤ ከዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ድሮ፣ የሄድኩት ለእሳቸው ብዬ ነው እል ነበር፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን አይደለም። ለራሴ ብዬ፣ ሸክሙ እንዲቀለኝ ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን ሽቦው ባይበጠስ ይቆሙልን ነበር በሚል ትንሽ ነገር ነበር የሚጽናኑት፤ እሱንም ወሰድኩባቸው። እውነቱን መናገሬ ልክ ነው የሚሉኝ አሉ፣ ባለቤቴም ከእነሱ አንዷ ናት። እኔ አላውቅም። የማውቀው አስቴር አይተውታል፣ ይቆማሉ ብላ እኛን አምና መሞቷን ነው። አይተነው ነበር፤ አልቆምንም።