ጌዶ ላይ ሞተሩ እስኪሞቅ

በዚያ ቀን ከእጃጂ አብረን የተነሳነው የጭነት መኪናው ሾፌር ከማል፣ ማሩን አምቦ ሊሸጥ የወጣው ጎረቤታችን ኦቦ ዱጋሳ፣ ልጄ ጫልቱ እና እኔ ነን። የከማል ረዳት ታሞ ስለቀረ ኦቦ ዱጋሳ በእሱ ቦታ ተተክቶ መኪናው ከጫነው የበቆሎ ጆንያ ላይ ወጣ። እኔና ጫልቱ ጋቢና ገባን።

የሄድነው ለጫልቱ ፈተና ነው። በማግስቱ ጠዋት አምቦ ላይ ማትሪክ ትቀመጣለች። በሩ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ተማሪ እንደማይገባ ቁርጡ ተነግሮናል። ቀደም ብለን ልንሄድ አውቶቡስ ብንጠብቅም ሳይመጣ ቀረ። የእኔ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የእሷ እዚህ መድረስ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከእጃጂ እስከ ጌዶ

የተነሳነው ከሰዓት በኋላ ነው። እጃጂ ሞቃት ስለሆነ ሞተሩ አላስቸገረም። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ዝናቡ ቦይ ቦይ አውጥቶበታል። በግራና በቀኝ ያለው በቆሎ ገና ጉልበት አልደረሰም። ዳገቱ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ከብቶች መንገዱን ሞልተውት ብዙ ቆምን። ከማል ግን ሞተሩን አላጠፋም።

"ናፍጣው አያልቅብህም?" አልኩት።

"ናፍጣ ይገዛል፣ አዴ ወርቄ። እዚህ ዳገት ላይ ባትሪ ማን ይሸጥልኛል?"

የመኪናው ባትሪ ማርጀቱ ያኔ ገባኝ። ጭንቀቴም ከዚያ ጀመረ።

ጌዶ ስንደርስ መሽቶ የመንገዱ መፈተሻ ኬላ እስከ ጠዋት ተዘግቷል። ከማል የመኪናውን አፍ ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ማቆም ፈለገ። ጠዋት ባትሪው እምቢ ቢል መኪናው ተንከባሎ በማርሽ ይነሳለታል። የኬላው ጠባቂ፣ አንድ ወጣት፣ አልፈቀደም።

"እዚያ አይቆምም። እዚህ ሜዳው ላይ፣ ከፊቴ አቁም።"

"ጓድ፣ ጠዋት አይነሳልኝም እኮ።"

"ካልተነሳ ታድራለህ። የጌዶ ብርድ እንግዳ ይወዳል።"

ኬላው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ሽሮ በላን። አልጋው ተወዶብን መኪናው ውስጥ ለማደር ተስማማን። ጫልቱ የጋቢናውን መብራት አብርታ ደብተሯን ገለጠች።

"አጥፊው! ባትሪውን ልትጨርሺው ነው" አልኳት።

"እማዬ፣ መኪናው ተነስቶ እኔ ብወድቅስ?"

ከማል መሪው ላይ እንደተደፋ ሳቀ። "ተያት። ይቺ መብራት የምትጠጣው በሲኒ ነው። በገንቦ የሚጠጣውን ጠዋት ታይዋለሽ።"

ጌዶ፣ ንጋት ላይ

ስንነቃ ጉሙ ወርዶ የመኪናው አፍንጫ እንኳ በደንብ አይታይም። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ኬላው ሊከፈት ሲል ከማል ቁልፉን አስገባ።

የናፍጣ ሞተር ሲቀዘቅዝ ዝም ብሎ አይነሳም። ከማል እንዳስረዳኝ፣ ሞተሩ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚግሉ ማሞቂያ ካንዴላዎች አሉ። መጀመሪያ እነሱ እስኪግሉ ይጠበቃል፤ ከዚያ ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ሞተሩን ያዞረዋል። ካንዴላዎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከባትሪው ስለሚስቡ የመኪናው መብራት በሙሉ ተደምሮ እነሱ የሚወስዱትን አያህልም። ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ጥምዝምዝ ሽቦ አለች። ካንዴላዎቹ ሲግሉ እሷም ትቀላለች፤ ሾፌሩ መሞቁን የሚያውቀው በእሷ ነው።

ከማል ማሞቅ ሲጀምር ጠባቂው እየጮኸ መጣ። "መብራት አብራ! በዚህ ጉም መብራት ያላበራ መኪና እዚህ ሞተር አያስነሳም!"

ከማል ጥርሱን ነክሶ የፊት መብራቱን አበራ። ሽቦዋ አመድ እንደለበሰ ፍም ደብዝዛ ቀረች። ሞተሪኖው አንዴ አቃሰተና "ጠቅ" ብሎ ዝም አለ። የፊት መብራቱም እንደ ኩራዝ ቢጫ ሆነ።

"ጨምርለት! ይሙቅ እንጂ!" አለ ኦቦ ዱጋሳ ከላይ ሆኖ።

"ምን ልጨምርለት? ማርህን?" ብሎ ከማል መብራቱን አጠፋ። ወደ እኔ ዞሮም ድምፁን ቀነሰ። "ምናልባት አንድ ሙከራ ቢቀረው ነው። መብራት ከበራ ማሞቂያው አይግልም። ማሞቂያው ቢግልም ለሞተሪኖው ማትረፍ አለብኝ።"

ጫልቱ እርሳሷንና ደብተሯን ይዛ ወረደች። "በእግሬ እሄዳለሁ።"

"አምቦ እኮ እዚህ ማዶ አይደለም!" ብዬ ክንዷን ያዝኩ። አታለቅስም፤ እሱ ነው የባሰ ያስፈራኝ። ወደ ጠባቂው ሄድኩ።

"የኔ ልጅ፣ መብራቱን የፈለግኸው ለምንድን ነው?"

"መኪናው እንዲታይ ነዋ! የሚመጣ መኪና ገብቶበት እኔ ልጠየቅ?"

"እኔ ባትሪ አለኝ።"

ጠባቂው ዞር ብሎ "ሾፌር! ባትሪ ተገኘልህ!" አለ። ከማል እየሮጠ መጣ። እኔ ከጥቅሌ ውስጥ ያወጣሁት የእጅ ባትሪዬን ነበር።

ጠባቂው ሳቀ፤ ኦቦ ዱጋሳም በሳቅ ከጆንያው ላይ ሊወድቅ ደረሰ። "ያ ወቃ! ያምላክ ያለህ! ወርቄ መኪና በዚህ ልታስነሳ ነው!"

"ይሳቅ" አልኩ። "እኔ ከፊት ቆሜ በዚህ ላብራ። የመኪናው ባትሪ ሞተሩን ብቻ ያሙቅ።"

የጠባቂው ሳቅ ቆመ። ጫልቱን አያት፤ ደብተሯንም አየ። "እንደተነሳ ግን ወዲያው ታበራለህ" አለው ከማልን።

ከማል ይህን ሲሰማ ሙቅ ውሃም ለመነ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ለጠዋት ሻይ ያፈላችውን ሰጠችን። ከማል የራዲያተሩን ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሶ በሙቁ ተካው። እኔ ከፊት ቆሜ የእጅ ባትሪዬን ወደ ጉሙ አበራሁ። ጫልቱ ጋቢና ሆና ሽቦዋን ታያለች።

"አልቀላችም... አልቀላችም... ጋሼ ከማል፣ ቀላች!"

ሞተሪኖው እንደሚነሳ ሽማግሌ እያቃሰተ ዞረ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ በግማሽ ጎኑ ተንገጫገጨ፤ ከዚያ ሙሉውን ያዘ። የፊት መብራቱ በርቶ ዓይኔን ወጋኝ።

"እናት፣ የአንቺን አጥፊው፤ ድንጋዩ ያልቃል" አለኝ ጠባቂው፣ ኬላውን እየከፈተ።

አምቦ

ባቢችም ጉደርም ለቁርስ አልቆምንም። ጉሙ ከጉደር በፊት ተገፈፈ። ከማል አምቦ ገብቶ ጭነቱን ወደሚያራግፍበት መታጠፍ ሲገባው በቀጥታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አደረሰን። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች እየተፈተሹ ይገባሉ። ጫልቱ ሳትሰናበተን ሮጠች፤ ከኋላዋ በሩ ሲዘጋ አየሁ።

ከማል ሞተሩ እየሠራ በመስኮት አንገቱን አወጣ። "ውጤቷን ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ፣ አዴ ወርቄ። መቼም በእጃጂ ነው የማልፈው።"

ቤት

ፈተናው እስኪያልቅ አምቦ ዘመድ ቤት ቆይተን በአውቶቡስ ተመለስን። ድሮ ጫልቱን ስታጠና ውሃ ቅጂ፣ ወንድምሽን ያዢ፣ እሳቱን እዪ እላት ነበር፤ ደክማ ስትተኛ ደግሞ ሰነፍሽ ብዬ እቆጣለሁ። አሁን ታናሿ ደብተሩን ሲይዝ ሌላ ነገር አላዘውም። ሁሉን በአንዴ የጫኑበት ባትሪ አንዱንም እንደማይችል ያወቅሁት ጌዶ ላይ ነው።

ጫልቱ ፈተናውን አልፋለች። መምህርነት ልትማር ገብታለች። ከማል ግን ከዚያ ወዲህ በእጃጂ አላለፈም። እህል ጭኖ ወደ ሰሜን ሄዷል የሚሉኝ ሾፌሮች አሉ፤ መኪናው ተበላሽቶ አዲስ አበባ ቆሟል የሚሉም አሉ። በዓይኑ ያየው ግን አላገኘሁም። ይህን ከምታነቡት መካከል የበቆሎ ጫኙን ከማልን የሚያውቅ ካለ፣ በደህና መኖሩንና የት እንዳለ ንገሩኝ። ካገኛችሁትም ልጅቷ አልፋለች በሉት።